ከቁርባን በኋላ የተጠየቀ ምራቅ

ቁጣ ለሽማግሌ ጌጥ አይሆነውም። ይህን አውቄ፣ ለንስሐ አባቴም ተናዝዤ፣ የተሰጠኝንም ቀኖና ፈጽሜ ሳበቃ፣ ያ ሣጥን ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ። ነገሩን የምጽፈው ቁጣዬ ይጽደቅልኝ ብዬ አይደለም። አልበርድልህ ስላለኝ፣ ምናልባት በቀለም ቢወጣ ይቀልለኛል በሚል ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በልጅነቴ ንባብና ዜማ ተምሬ፣ ከቅኔ ቤት ደጃፍ ወደ አስኳላ ተሻግሬ፣ መንግሥት ሲለወጥ ከተሰደዱት ጋር ተሰድጄ፣ እዚህ አገር መጀመሪያ የላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ፣ ኋላም ባለሙያ ሆንሁ። የምሠራበት ማሽን የሰው ተፈጥሮ የተጻፈበትን ዲኤንኤ ፊደል በፊደል ያነባል። ፊደል በመቁጠር የጀመርሁ ሰው ፊደል በማስቆጠር ጡረታ ልወጣ ነው።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑ ሁለት ቀን ሲያነብ የሰነበተውን ውጤት ከፈትሁ። ምርቱ ከሚጠበቀው ከግማሽ በታች ነበር። የተረፈውም ቢሆን አብዛኛው የማይታመን ንባብ ነው። ገና ኮቴን ሳላወልቅ የክፍላችን አለቃ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

አለቃችን ስፕሪንግፊልድ ያደገ የእኛው ልጅ ነው። ወላጆቹ እኔ በማገለግልበት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው በአሌክሳንድሪያው ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፤ ክርስትና ሲነሣም ቆሜ አይቻለሁ። በትምህርት ከእኔ እጅግ የላቀ፣ በጠባዩም ጨዋ ልጅ ነው። አማርኛው ብቻ መንገድ ጀምሮ ግማሹ ላይ ሲደርስ እንግሊዝኛ ይሳፈራል።

«ጋሼ፣ ረኑ ፌይል አደረገ» አለኝ፤ ንባቡ ከሸፈ ማለቱ ነው።

«አየሁት።»

«ሳምፕሉ ነው። የዚህ ሳይት ሰዎች ኢንስትራክሽኑን ፎሎው አላደረጉም። ኤክስክሉድ እናደርጋቸዋለን።»

«ማለት?»

«ያው... ከሊስቱ ይወጣሉ። በቃ።»

«በቃ» የምትለዋን ቃል ያህል የሚያናድደኝ የለም። ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ሲቀር የሚዘጋባት በር ናት።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጽ። ከሰው ምራቅ የወጣው ዲኤንኤ መጀመሪያ ይቆራረጣል፤ ለእያንዳንዱም ቁራጭ የማን እንደሆነ የሚለይ ምልክት ይቀጠልለታል። ከዚያ የብዙ ሰው ቁራጭ በአንድ ጠብታ ተቀላቅሎ፣ በመዳፍ በምትያዝ መስታወት ውስጥ ይፈስሳል። ቁራጮቹ በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው በያሉበት ይባዛሉ፤ ማሽኑም በየፊደሉ ቀለም እያበራ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል። ምርት የሚባለው ስንት ፊደል ተነበበ የሚለው ነው። ጥራት የሚባለው ደግሞ የተነበበው ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስገኝ ልክ ብቻ ነው። አሳንሰህ ከጫንህ መስታወቱ ባዶውን ይውላል። አብዝተህ ከጫንህ ደግሞ ብርሃን ከብርሃን ይዋሐድና ማሽኑ የቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶት የሰበሰበውን መልሶ ይጥለዋል።

ይህን ለመረዳት የማሽኑን መጽሐፍ መጠበቅ አላስፈለገኝም። በንባብ ቤት ሠላሳ ልጅ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሠላሳ ልዩ ልዩ ገጽ እየጮኽን እናነብ ነበር። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የአንዳችንን ስሕተት ነጥለው ያርሙ ነበር። የጎረቤት ደብር ልጆች መጥተው ስድሳ የሆንን ዕለት ግን ዓይናቸውን ገለጡና «ግማሻችሁ ወደዚያ ማዶ! ጩኸት ነው የምሰማው፤ ንባብ አይደለም» አሉን። አለቃዬ የሁለት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሆኖ የሳተው ይህችን ነበር።

ወረቀቱን አገላብጬ ያደረገውን አየሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን በተላከው በዚያ ሣጥን የመጡት የምራቅ ናሙናዎች ገሚሶቹ ጠንካራ፣ ገሚሶቹ እጅግ ደካማ ነበሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ለክቶ በዚያ መጠን ማቀላቀል ሲገባው፣ ከሁሉም እኩል ጠብታ ወሰደ። ከጉሹም ከቅራሪውም እኩል ጣሳ ቀድቶ አንድ ጋን ውስጥ እንደ መጨመር ነው። ጠንካሮቹ መስታወቱን ያዙት፤ ደካሞቹ ቦታ አጡ። የደካሞቹን ድርሻ አሳድጋለሁ ብሎም ጠቅላላውን ጭነት ከልክ በላይ ከፍ አደረገው።

«ሳትለካ ለምን ጫንህ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ይልድ ያውቁታል። ዊኩ እያለቀ ነበር። ትንሽ ፑሽ አደረግኩት።»

በክፍላችን ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ ይልድ የሚሉት የምርት ቁጥር የሚሰቀልበት ሰሌዳ አለ። ለጥራት ሰሌዳ የለውም። ያን ሰሌዳ ካየሁበት ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ።

«የደከመውን በጩኸት አይረዱትም» አልሁት።

«ኦኬ፣ ረኑ የኔ ጥፋት ይሁን። ግን ጋሼ፣ ሳምፕሉ ራሱ ውኃ ነው። ውኃ! ከሌላ ሳይት እንደዚህ መጥቶልን አያውቅም። ሰዎቻችን... ዩ ኖው።»

«ሰዎቻችን ምን?»

«አይሰሙም።»

ትቼው ወጣሁ። ብመልስለት ኖሮ ከሥራ የሚያስወጣኝን ነገር በተናገርሁ ነበር።

ይህን ያህል ያንገበገበኝ ሣጥኑ ስለ አንዲት ልጅ የተሰበሰበ ስለ ነበር ነው። የእህቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፤ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤቷ ሜዳ ስትሮጥ ወደቀች። ሐኪሞቹ ደሟን አስነብበው፣ ልብን በሚመለከት ክፍል ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣ አገኙ። የሰጡት ወረቀት «ትርጉሙ ያልታወቀ» ይላል። ሐኪሟ እውነተኛ ሰው ነበር፤ ለእናቷ እንዲህ ብሎ አስረዳት፦ ይህች ፊደል የበሽታ ልትሆን ትችላለች፤ የእናንተ ሰዎች ሁሉ በደኅና የሚኖሩባት ተራ ፊደልም ልትሆን ትችላለች፤ ከእናንተ የተነበበው ሰው ጥቂት ስለሆነ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም። እስኪታወቅ ድረስ ግን ሩጫ፣ ዋናና ዝላይ ከለከላት። ጓደኞቿ ሲሯሯጡ እርሷ ቦርሳቸውን ትጠብቃለች።

የእህቴ ልጅ ይህን ሰምታ አልተቀመጠችም። የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ዲኤንኤ በእኛ ላቦራቶሪ ለሚያስነብበው ጥናት ጻፈች፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ለመነች፤ ሽማግሎቻችን ምራቃቸውን እንዲሰጡ ቤት ለቤት ዞረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያች ፊደል ሰባ ዓመት ዳገት ወጥተው በወረዱ፣ ልባቸው በደኅና በሚመታ አረጋውያን ውስጥ ከተገኘች ልጅቱ ነፃ ናት። የጥናቱ የመጀመሪያ መዝገብ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ይዘጋል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ የአለቃዬ «በቃ» ለዚያች ልጅ «ተቀመጪ» ማለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከማቀዝቀዣው ሣጥኑን አውጥቼ አየሁት። የሰው ስም በላዩ የለም፤ ስም ማወቅም አይፈቀድልንም። ያለው የተሰበሰበበት ቦታና ዕለት ብቻ ነው። ዕለቱን በእኛ አቆጣጠር አሰላሁት። ነሐሴ። እሑድ። ፍልሰታ።

ሣጥኑን መልሼ አስቀመጥሁና ወንበር ፈለግሁ።

ለማያውቅ ልናገር። በፍልሰታ ጾም ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ምእመናን በብዛት ይቆርባሉ። የቆረበ ሰው ወዲያው ጸበል ይጠጣል፤ ከተቀበለው ከአፉ እንዳይወጣ አፉን ሸፍኖ ይሄዳል፤ በዚያ ቀን ፈጽሞ አይተፋም። ማንም ሳይነግረው ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። እንግዲህ ከቁርባን የተመለሱ አረጋውያንን አዳራሽ ሰብስቦ፣ ብልቃጥ ሰጥቶ፣ «እስከዚህች መስመር ምራቅ ይትፉ» ያላቸው ማን ነው?

እኔ ነኝ። ብልቃጡን በእጄ የሰጠኋቸው እኔ ባልሆንም ወረቀቱን የተረጎምሁት እኔ ነበርሁ። ጥናቱ የላከውን መመሪያ የእህቴ ልጅ ይዛልኝ መጥታ፣ ለአረጋውያን በሚመጥን አማርኛ እንዳወጣው ለመነችኝ። ሁለት ቀን ተጨነቅሁበት። «ይትፉ» የሚለው ቃል ለአባቶች ድፍረት አይሆንም ወይ ብዬ ተመራመርሁ። ሠላሳ ደቂቃ ምግብና መጠጥ እንዳይወስዱ በሚገባ ጻፍሁ። ሊቀ መንበሩ «በፍልሰታ እሑድ እናድርገው፤ ሰው ይሞላል» ሲለኝም «መልካም ነው» አልሁት። በዕለቱ ሌሊቱን ማኅሌት ቆሜ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደክሞኝ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ቃል ሲመርጥ የዋለ ሰው ቀን መምረጥ ተሳነው። ሥርዓቱን ካላወቀ ሰው ይህ ስሕተት ይጠበቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ሥርዓት ሳስተምር ለኖርሁ ለእኔ ግን ምን ስም ይሰጠዋል?

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ካልተፉ ብልቃጦቹ ባዶ መምጣት ነበረባቸው። ብልቃጦቹ ግን ሁሉም እስከ መስመሩ ሞልተው ነበር የመጡት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በአዳራሹ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ተነሥቼ ቆምሁ። ከናሙናዎቹ አንዳንዶቹ ደክመው እንደተገኙ፣ የማን እንደሆኑ እንደማላውቅና ማወቅም እንደማልፈልግ ተናገርሁ። ከዚያ ጠየቅሁ።

«በዚያ በፍልሰታ እሑድ ቆርባችሁ፣ ከዚያም ብልቃጥ የተቀበላችሁ፣ እጃችሁን አንሡ።»

ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ አነሡ።

«መልካም። ከእናንተ መካከል ምራቁን የተፋ፣ እጁን አያውርድ።»

እጅ ሁሉ ወረደ።

«ታዲያ ብልቃጡን ማን ሞላው?»

«መልአክ ነዋ!» አለ አንድ ሰው ከወደ ኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

ሊቀ መንበሩ ክንዴን ነካ አድርጎ «ኧረ መምህር፣ ይህ በአደባባይ ይነገራል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«በአደባባይ የተሠራ በአደባባይ ይነገራል» አልሁት፤ ድምፄን ሳልቀንስ።

ያን ጊዜ የአለቃዬ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ።

«ሳቁ እንግዲህ! እኔ ነኝ የሞላሁት። በጸበል።»

«በጸበል?»

«ምን ላድርግ መምህር? ያቺ ከጥናቱ የመጣችው ፈረንጅ ልጅ ፊቴ ቆማ ፈገግ ትልብኛለች። ሥጋ ወደሙ የተቀበልኩበትን አፍ ልተፋላት? ባዶውን ብመልስላት ደግሞ ማፈሯ አይደል? የሰው ልጅ! ጸበል ማንን ጎድቶ ያውቃል ብዬ ጠብ አደረግኩበት።»

«ጠብ ነው ወይስ እስከ መስመሩ?»

«እስከ መስመሩ። ወረቀቱ እስከ መስመሩ ይላል አይደል እንዴ!»

«እኔስ የኮዳ ውኃ ነው» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡ አዛውንት።

«ጸበል እንኳ አይደለም?» አሏቸው ሴትዮዋ።

«ጸበል ለላቦራቶሪ ይባክናል ብዬ።»

ሰው እንደገና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጮኽሁ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አንድ ቃል፣ «ዛሬ ቆርቤአለሁ፣ ነገ ልምጣ» የምትል አንዲት ቃል ለመናገር እንዴት አንደበት አጣችሁ? ሰው እንዳይቀየመን ብለን ብለን ሥራውን ሁሉ አበላሸነው! ይሉኝታችሁ ሕፃን ልጅ አስቀመጠ! ይህን ሁሉ ወረወርሁባቸው። አባወራና እመቤት የሆኑ ሰዎች እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ።

ከበሩ አጠገብ የእህቴ ልጅ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጣች። ልቅሶ ጠብቄ ነበር፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ በዚያ ቀን ብልቃጥ ሳድል ነበርኩ» አለችኝ። «አንዳንዶቹ ሲያመነቱ አይቻለሁ። ልጠይቃቸው ብዬ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን እርስዎ የጻፉት መሆኑ ትዝ አለኝ። እርስዎ ካዩት ልክ ነው ብዬ ተውኩት።»

በሰው ሁሉ ላይ የጮኽሁት ጩኸት በዚያች ዝግ ባለች ንግግር ወደ ራሴ ተመለሰ።

«አጥፍቻለሁ» አልኋት።

«አዎ» አለችኝ። «አሁን ምን ይደረጋል?»

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ፣ ወንበሬ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ማሚ ነገረችኝ።»

«ምን ነገሩህ?»

«ሁሉንም። እኔ እኮ... 'አይሰሙም' ያልኩት...» አላስጨረሰውም ነገሩ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእሷ የቱ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም። አንተም ማወቅ አይፈቀድልህም። ሥራ እንሥራ።»

በእውነቱ እናቱ መሆናቸው ባይነካው ኖሮ ይሰማኝ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። የሌላ ሰው እናት ስትሆን «ሰዎቻችን» ነበረች፤ የራሱ ስትሆን «ማሚ» ሆነች። ይህን ግን አልነገርሁትም፤ ሥራው ይቀድም ነበር።

ለጥናቱ ኃላፊዎች ጥፋቱ የሰጪዎቹ አለመታዘዝ ሳይሆን የተመረጠው ቀን መሆኑን፣ ቀኑን ካጸደቁትም አንዱ እኔ መሆኔን ጽፌ ፈረምሁ። አለቃዬም የጭነቱ ስሕተት የራሱ መሆኑን ከሥር ጨመረ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። እንደገና ለመሰብሰብ ተፈቀደልን፤ መዝገቡ የሚዘጋበት ቀን ግን እንደማይራዘም አስጠነቀቁን።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ቅዳሴ በሌለበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያው ሕዝብ ወደዚያው አዳራሽ ተመለሰ። ውለታ ጠያቂ መስዬ በር ላይ ቆምሁ። አንዳንዶቹ ስለ ጩኸቴ ተቀይመው ሰላምታዬን በአገጭ ብቻ መለሱልኝ። የአለቃዬ እናት ግን ጉንጫቸውን ነፍተው፣ በእጃቸው ብልቃጡን እያመለከቱ ገቡ። ሞልተው ከመለሱ በኋላ ነው አፋቸውን የፈቱት።

«ከቤት ጀምሮ ሳልውጥ አጠራቅሜ መጣሁልዎ! በመኪና ውስጥ ባለቤቴ ሲያናግረኝ ዝም ስለው የተኳረፍን መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ተቀበልኩት።»

በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነበር። እያንዳንዱን ናሙና ለብቻው ለካሁት። ለመለካትም አንድ መንገድ ብቻ አላመንሁም። በምራቅ ውስጥ ከሰውየው ዲኤንኤ ሌላ የአፍ ተሕዋስያን ዲኤንኤም አለ፤ ችኩል መለኪያ ሁሉንም ደምሮ ይናገራል፤ ጠንካራ የመሰለው ናሙና በውስጡ ሰው የሌለበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሰውን ብቻ በሚለይ መለኪያ ደገምሁት። ከጠንካራው ጥቂት፣ ከደካማው ብዙ እየወሰድሁ፣ ሁሉም እኩል ድምፅ እንዲኖረው አድርጌ ቀላቀልሁ። ከዚያም ትልቁን መስታወት ከመንካቴ በፊት፣ ከቅልቅሉ ጥቂት በትንሽ መስታወት አስነብቤ ማን እንደጎላ፣ ማን እንደሰለለ አየሁ፤ አስተካከልሁ። ይህ ሁሉ ሳምንት ፈጀ። በዚያ ሳምንት ሰሌዳው ላይ የክፍላችን ምርት ዜሮ ነበር፤ በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ ያይ ነበር።

በመጨረሻው ቀን አለቃዬ የጭነቱን ቁጥር አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

«ጋሼ፣ ዝቅ ብሏል። ትንሽ ብቻ ከፍ እናድርገው? ሰሌዳው ላይ እኮ...»

«አይሆንም።»

«ፋይቭ ፐርሰንት?»

«በልጅነቴ የኔታ 'አንድ ቃል ዝለል ግን ቶሎ ጨርስ' ቢሉኝ ኖሮ ዛሬ ማንበብ አልችልም ነበር። አይሆንም አልሁህ።»

እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ቁልፉን የተጫንሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ውጤቱ ወጣ። ምርቱ በማሽኑ ታሪክ ካየናቸው ከፍተኞቹ አጠገብ ነበር፤ ጥራቱም ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ንጹሕ። ከዝቅተኛ ጭነት ከፍተኛ ምርት። አለቃዬ በደስታ ትከሻዬን ያዘኝ፤ የሥራ ባልደረቦቻችንን ጠርቶ አሳየ፤ ቁጥሩንም በገዛ እጁ በዚያ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። እኔ ደስ አላለኝም። ቀኑን ጠይቀን፣ ለክተን፣ ልኩን ጠብቀን ብንሠራው ኖሮ ይህ ውጤት በመጀመሪያው ጊዜ ይገኝ ነበር። ሰው በገዛ እጁ ያፈረሰውን አጥር መልሶ ሲያቆም እልል አይባልለትም። ንባቡ መዝገቡ ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ገባ።

መልሱ ከፋሲካ በኋላ መጣ። የእህቴ ልጅ ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለችልኝ። ሐኪሙ አዲስ ወረቀት ሰጥቷታል፤ ያች ፊደል በመዝገቡ ውስጥ ባሉ፣ ልባቸው ደኅና በሆነ በርካታ አረጋውያኖቻችን ተገኝታለች። ወረቀቱ አሁን «ጉዳት የማታስከትል» ይላል። ያን ዕለት ሜዳ ላይ የወደቀችው በሙቀትና በውኃ ጥም ሳይሆን አይቀርም ብሏታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ።

«ይመስገን» አለች። «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው» አለችኝ።

ልጅቱ አልታመመችም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስቀመጣት ልቧ ሳይሆን፣ እኛን ማንም ሳያነብበን መቅረቱ ነው። ያላነበቡን ሰዎች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ቁጣዬ አልበረደም። ሊያነቡን በመጡ ቀን ደግሞ ጸበልና የኮዳ ውኃ የሞላንላቸው እኛ ነን፤ በእኛም ላይ አልበረደም። ቀኑን አይቶ «መልካም ነው» ያለው ሰው ግን በየጠዋቱ ከእኔ ጋር ይነሣል፤ ከእርሱ ጋር እስከ መቼ እንደምጣላ አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናትና ልጅ ወደሚኖሩበት ሰፈር ሄድሁ። ከቤታቸው ጀርባ ባለው መናፈሻ ልጆች ይሯሯጡ ነበር። ልጅቱ መጀመሪያ ዳር ላይ ቆማ የጫማዋን ክር ፈታች፤ አሰረች፤ እንደገና ፈታች። ጓደኞቿ በስሟ ሲጠሩአት ወደ እናቷ ዞር አለች። እናቷ ራሷን ነቀነቀችላት። ሮጠች።

ሩጫ ረስታለች። እጆቿ ከእግሮቿ ጋር አይስማሙም፤ ሁሉም ጥለዋት ሄዱ። መናፈሻው መካከል ካለች ትንሽ ዛፍ ሳትደርስ ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ያዘች።

«ቀስ በይ! ቀስ! ነይ ተቀመጪ!» ስትል እናቷ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ።

«አይም ፋይን፣ ማሚ!» አለች ልጅቱ ቀና ሳትል። ከዚያ ቀና ብላ እንደገና ሮጠች።

እናቷ ግን ወደ ሜዳው መሄድ ጀምራ ነበር። ክንዷን ያዝሁ።

«ተያት» አልኋት። «ተፈቅዶላታል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳታነሣ። «እንዴት እንደሚተው ነው ያላወቅኩት።»

ክንዷን አልለቀቅሁም። እርሷም አላስለቀቀችም። ልጅቱ ሁለተኛውን ዙር እስክትጨርስ ድረስ እንደተያያዝን ቆምን።